እንቅልፍ የማያስለቅቀው ድካም፦ ካንሰር የታመመን ታዳጊ በቤት ውስጥ እንዴት እንርዳ?

ካንሰር በሚታከም ታዳጊ ላይ የሚታየው ድካም ከትምህርት ወይም ከጨዋታ ከሚመጣው የሚለየው ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶም እንኳ የማይለቅ በመሆኑ ነው። ከኬሞቴራፒ (ካንሰርን በመድኃኒት ከማከም) በኋላ ባሉት ቀናት ይበረታል፤ በጨረር ሕክምና ጊዜ ቀስ በቀስ እየጨመረ ይሄዳል፤ ሕክምናው ካበቃ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ፀጉሩ የተመለሰለትን ልጅ «ድነሃል እኮ፣ ምን ያስተኛሃል?» ማለት ያላጠፋውን ጥፋት እንዲሸከም ማድረግ ነው።

በመጀመሪያ መንስኤው ይመርመር። የደም ማነስ፣ ኢንፌክሽን፣ ሕመም፣ በቂ ምግብ አለመውሰድና ድብርት ድካሙን ያባብሳሉ፤ ሁሉም ግን ሊታከሙ ይችላሉ። አንገቱ ላይ ጨረር የወሰደ ልጅ ከዓመታት በኋላም የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ ዕጢ) ምርመራ ያስፈልገዋል። ልጁ ለሁለት ሳምንት ያህል ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ድካሙን ከ0 (ምንም ድካም የለም) እስከ 10 (እጅግ የከፋ ድካም) ባለው ቁጥር በደብተር ይመዝግብና በቀጠሮው ቀን ለሐኪሙ ያሳይ።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ግን ልጁ በሚበረታበት ቀን ነው። በዚያ ቀን ሙሉ ትምህርት ውሎ፣ ዘመድ ጠይቆ፣ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ሐይቅ ዳር ቆይቶ ይመጣና ቀጣዮቹን ሦስት ቀናት ከአልጋ መነሳት ያቅተዋል። ከዚህ ይልቅ በቀን አንድ ወይም ሁለት ዋና ነገር ይመረጥ፤ መራጩም ራሱ ልጁ ይሁን፤ በሽታው ብዙ ውሳኔ ነጥቆታልና። ግማሽ ቀን መማር እንዲፈቀድለት ከትምህርት ቤቱ ጋር ተነጋገሩ፤ ጉልበቱ ለክፍል እንዲተርፍ በባጃጅ ይሂድ።

ሙሉ ቀን መተኛት ጡንቻን ያደክማል፤ ሐኪሙ ከፈቀደ ቀላል እንቅስቃሴ ከዕረፍት ይበልጥ ይረዳል። ለባሕር ዳር ልጅ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ በጣና ዳርቻ ጥላ ሥር አሥር ደቂቃ መራመድ ጥሩ ጅማሬ ነው፤ አመሻሽ ላይ ትንኝ ስለሚበዛ ጠዋቱን እመርጣለሁ። የቀን እንቅልፍ ከአንድ ሰዓት አይብለጥ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊትም ይብቃ። ምግቡ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ይቅረብለት፤ ዓሣውም ሥጋውም በደንብ ይብሰል። ጾም ከሆነ የንስሐ አባቱን ቀድማችሁ አማክሩ።

በኬሞቴራፒ ላይ ያለ ልጅ ከድካሙ ጋር ሙቀቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከደረሰ ወባ ነው ብሎ ከመድኃኒት ቤት ኪኒን ገዝቶ ማሳደር ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል፤ ሌሊትም ቢሆን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ኬሞቴራፒ ላይ መሆኑንም ገና ከበሩ ተናገሩ።