ሳይዝሉ ማገልገል፦ ወደ ቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ለሚገቡ ምእመናን

በቤተ ክርስቲያን ለማገልገል የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በጋለ ስሜት ነው፤ ይህም ስሜት መልካም ስጦታ ስለሆነ ሊናቅ አይገባውም። ይሁን እንጂ ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ምእመናን በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 12 ላይ በመንፈስ መቃጠልን ከትጋት ጋር አያይዞ ማስቀመጡን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ግለት ሰውን ለጥቂት ወራት ሊያራምደው ይችላል፤ ለዓመታት የሚያቆየው ግን የተቀበለውን ሥራ፣ ትንሽም ቢሆን፣ በሰዓቱና በሙሉ ልቡ የመፈጸም ልማዱ ነው።

ስትጀምሩ «እኔ ምን እወዳለሁ?» ከማለታችሁ በፊት «ማኅበረ ምእመናኑ ምን ጎድሎበታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ኃላፊነት ያለባቸውን ካህናት፣ መጋቢዎች ወይም ሽማግሌዎች ቀርባችሁ ሰው ያጣው ሥራ የትኛው እንደሆነ እንዲነግሯችሁ አድርጉ፤ መዘምራኑ ሞልተው ሕፃናትን የሚያስተምር የጠፋበት ጉባኤ ጥቂት አይደለምና። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ ከግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ ወገን የሆኑ መበለቶች በዕለታዊው እደላ ቸል በመባላቸው ማጉረምረም በተነሣ ጊዜ፣ ለማዕድ አገልግሎት የተመረጡት 7 ሰዎች በመልካም የተመሰከረላቸው፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው እንዲሆኑ ተጠይቋል። ምግብ ማደል ዝቅ ያለ ሥራ ተደርጎ አልተቆጠረም። የሰባቱም ስሞች የግሪክ ስሞች መሆናቸው፣ በደሉን በቅርብ የሚያውቁ ሰዎች ኃላፊነቱን እንደተረከቡ ያመለክታል ብዬ አምናለሁ፤ እናንተም አንድን ችግር በቅርብ የምታውቁት ከሆነ፣ ምናልባት ልታገለግሉበት የሚገባው ቦታ እርሱ ነው።

አንድ ሥራ ያዙ፤ የሚቆይበትንም ጊዜ ከኃላፊዎቹ ጋር ተስማሙ። ለሁሉም ጥያቄ እሺ የሚል አገልጋይ ውሎ አድሮ ማናቸውንም በወጉ መፈጸም ያቅተዋል።

የታመመን ወይም ያዘነን ሰው መጠየቅ፣ ማንም የማያየው ስለሆነ፣ ፍቅር በይበልጥ የሚፈተንበት አገልግሎት ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የሚመቸውን ሰዓት ጠይቁ፤ ስትደርሱም በሩ ላይ ቆማችሁ ከመናገር ይልቅ አጠገቡ ተቀመጡ። ስለ ሕመሙ ዝርዝር አትመርምሩ፤ እርሱ ካነሣው ሳታቋርጡ ስሙት፤ የሌላ በሽተኛ ታሪክም አትንገሩት። ለመጸለይ ፈቃዱን ጠይቁ፤ ስለ ምን እንዲጸለይለት እንደሚፈልግም እርሱ ራሱ ይናገር፤ ጸሎቱ አጭር ቢሆን ለደከመ ሰው ይበጃል። ስትነሡ «የምትፈልገው ነገር ካለ ንገረኝ» ብሎ መውጣት ብዙም አይረዳም፤ ሰው ችግሩን ለመናገር ያፍራልና። ይልቁንስ «ነገ ልጆቹን ከትምህርት ቤት እኔ ላምጣቸው?» ብላችሁ ቁርጥ ያለ ነገር አቅርቡ። ሐዘን የደረሰበትን ሰው ደግሞ ጠያቂው በሚበዛበት ሳምንት ብቻ ሳይሆን፣ ቤቱ ጭር ካለ በኋላም ተመልሳችሁ እዩት።

የሰማችሁትን ምስጢር ጠብቁ። የወንድምን ገመና «እንጸልይለት» በሚል ሽፋን ለጉባኤ ማውጣት፣ በቅን ልብ ቢደረግም፣ ከባድ በደል ነው፤ አንድ ጊዜ እንዲህ የተጋለጠ ሰው ዳግመኛ ለአገልጋይ ልቡን ለመክፈት ይቸገራል። ባለቤቱ ካልፈቀደ በቀር ጉዳዩ በእናንተና በእግዚአብሔር መካከል ይቅር። ነገሩ የሰው ሕይወት የሚያሠጋ ወይም ሕፃን የሚጎዳበት ከሆነ ግን ዝም ማለት አይገባም፤ ሊረዳ ወደሚችል የሚመለከተው አካል ወዲያው አድርሱት።

ገንዘብ የሚነካ ሥራ ከሆነ ብቻችሁን አትቁጠሩ፤ ሁለት ሰዎች ቆጥረው፣ መዝግበው ይፈርሙ። ጳውሎስም ለቅዱሳን የተሰበሰበውን እርዳታ ከሌሎች ጋር ሆኖ ያደረሰው ማንም እንዳይነቅፋቸው ተጠንቅቆ ነው።

ከባልደረባ ጋር ቅሬታ ሲፈጠር በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 እንደተነገረው አስቀድማችሁ ለብቻው አነጋግሩት። ነገሩን ለሦስተኛ ሰው አውርቶ መጀመር የስንት ጉባኤ ኅብረት በትኗል!

ዕረፍትንም እንደ ስንፍና አትቁጠሩት። ነቢዩ ኤልያስ ሞትን እስኪለምን ድረስ በደከመ ጊዜ መልአኩ ያቀረበለት እንጎቻና ውኃ ነበር፤ በልቶም ጠጥቶም ዳግመኛ ተኛ፤ በኮሬብ የእግዚአብሔርን ድምፅ የሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ቤተሰባችሁ እናንተን የሚያገኝበት፣ እናንተም ሳታገለግሉ እንደማንኛውም ምእመን ቁጭ ብላችሁ የምትማሩበትና የምትጸልዩበት ጊዜ ይኑር።

በመጨረሻም ሥራውን ከጀመራችሁበት ወር አንሥቶ አንድ ሰው አጠገባችሁ አቁማችሁ አሠልጥኑ። የአዳራሹ ቁልፍ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ፣ ከቤት መውጣት የማይችሉት አረጋውያን እነማን እንደሆኑ፣ ለየትኛው ሥራ የማን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ በጽሑፍ አኑሩለት። የተስማማችሁበት ጊዜ ሲያበቃ ኃላፊነቱን በኃላፊዎቹ ፊት አስረክቡት፤ ከዚያ ወዲያም ጠይቋችሁ ካልሆነ በቀር በሥራው ጣልቃ አትግቡበት።