የደሴ ጉም ክንፍ ላይ ሲያርፍ፦ የሞዴል አውሮፕላን ቀለም ጣጣዎችና መፍትሄያቸው

ሞዴሉን ገጣጥማችሁ፣ በሳሙና አጥባችሁ፣ ስንጥቁን በስቱኮ ደፍናችሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሳችሁ ጨርሳችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። እኔ የማወራው ከዚያ በኋላ ስላለው ነው። አውሮፕላኑን የበረረና ፀሐይ የበላው ለማስመሰል ስንነካካ ስለሚመጣው ጣጣ።

ትንንሾቹን ቶሎ ልጨርሳቸው።

ዲካሉ (በውሃ ተነክሮ የሚለጠፈው ምልክትና ቁጥር) ሥር ብርማ ነገር ከታየ ሻካራ ቀለም ላይ ለጥፋችሁት አየር ገብቷል። በመርፌ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጉና የዲካል ማለስለሻ ጠብ አድርጉበት። ለሚቀጥለው፣ ከዲካል በፊት የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ርጩ።

የአብራሪው መስታወት ከውስጥ ከነጣ በሱፐር ግሉ ለጥፋችሁታል። የግሉው ትነት ነው። መስታወት በነጭ የእንጨት ኮላ ነው የሚለጠፈው። አበቃ።

አሁን ወደ ዋናው።

አውሮፕላኑ ነጣ

ምልክቱ ይሄ ነው። ማት፣ ማለትም የማያብረቀርቅ፣ ቫርኒሽ ረጫችሁ። ለአምስት ደቂቃ ያምራል። አቦል ጠጥታችሁ ስትመለሱ ክንፉ ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ጥቁር አረንጓዴው አመድማ ሆኗል። የሦስት ሳምንት ሥራ!

አብሽሩ። ስንቴ እንዳየሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የጫማ ካርቶን ታቅፎ በሬን የሚያንኳኳ ሁሉ ይዞ የሚመጣው ይህንኑ ነው። ሁሉም «ቫርኒሹ ፎርጅድ ነው» ይላሉ። አንዳንዴ ልክ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የአየሩ ነው።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በክረምት ጉሙ ከጦሳ ወርዶ በራችን ላይ ይቆማል። ቫርኒሹ ውስጥ ያለው ቲነር ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። እጃችሁ ላይ አልኮል ሲፈስ የሚበርዳችሁም ለዚሁ ነው። ክንፉ ይቀዘቅዛል፣ የአየሩ እርጥበት እላዩ ላይ ጤዛ ይሠራል፣ ቫርኒሹም ጤዛውን እንደያዘ ይደርቃል። ነጩ ነገር እሱ ነው። ቲነሩ ቶሎ የሚተን ከሆነ ይብሳል። ለበርና ለመኪና ተብሎ የሚሸጠው ርካሽ ስፕሬይ በዚህ የሚስተካከለው የለም። እኔ ሁለት ጣሳ ገዝቼ ሁለቱንም ለመስኮት ፍርግርግ አዋልኳቸው።

ሁለተኛ ምክንያትም አለ። ማቱን ማት የሚያደርገው ውስጡ ያለው ደቃቅ ዱቄት ነው። ዱቄቱ ይዘቅጣል። ጣሳውን በደንብ ሳትንጡ ከረጫችሁ መጀመሪያ የሚወጣው ያብረቀርቃል፣ መጨረሻ ላይ የሚወጣው ኖራ ነው። ውስጧ ያለችው ኳስ መንኳኳት ከጀመረች በኋላ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ናጡ። ሰዓት ያዙ፤ ሁለት ደቂቃ ከምታስቡት በላይ ረጅም ነው።

በጣት ስትነኩት የሚሻክርና የሚራገፍ ከሆነ ደግሞ ከሩቅ ስለረጫችሁ አየር ላይ ደርቆ ነው የደረሰው። እሱ ቀላል ነው፣ በለስላሳ ጨርቅ ይጠረጋል።

መፍትሄው? መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡ። ሌላ ማት አትደርቡበት። አንድ የሆጤ ልጅ ኤፍ-5ኢ ተዋጊ ጄት ይዞልኝ መጣ፣ 1/72 (ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ)። በኦጋዴን ጦርነት፣ በ1969 ዓ.ም.፣ የሶማሊያን ሚጎች የገጠመው ዓይነት። እህቱ ናት ከጅዳ የላከችለት። ሲነጣበት ደነገጠና ደረበ። ባሰበት። ሦስተኛ ደረበ። እኔ ጋ ሲደርስ የጅራቱ ቁጥር አይነበብም ነበር። ግማሹን አዳንን፣ ግማሹን ቫርኒሹን ለማንሳት የተጠቀምንበት አልኮል ጨረሰው፣ ከነዲካሉ።

እንዲህ አድርጉ። አንድ ቀን ተዉት። በማግስቱ ጉሙ ከተነሳ በኋላ፣ የከሰዓቱ ዝናብ ሳይመጣ፣ ከ4 እስከ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ በስሱ ርጩበት። መጀመሪያ ክንፉ ሥር፣ ማንም በማያየው ቦታ ሞክሩ። ነጩ ዐይናችሁ እያየ እንደ ጉም ይበተናል። ሲደርቅ ማቱን እንደገና፣ በጣም በስሱ፣ በሁለት ዙር። በዚህ እምቢ ካለ፣ ኤርብራሽ (በአየር ግፊት ቀለም የሚረጭ ብዕር) ያላችሁ የቫርኒሹን የራሱን ቲነር መድረቁን ከሚያዘገይ ማዘግያ ጋር ቀላቅላችሁ እንደ ካፊያ አርከፍክፉበት። ጤዛው መውጫ ያገኛል።

ጣሳው ከቀዘቀዘ ግፊቱ ወርዶ መትፋት ይጀምራል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አሥር ደቂቃ አቁሙት። ለብ ያለ አልኩ። ምድጃ ላይ አትጣዱት። ከ50 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ ጣሳው ላይ የተጻፈው ለጌጥ አይደለም።

ስለ እሳት ካነሳን አይቀር። አንድ ወዳጄ «ክፍሉ ይሙቅ» ብሎ እናቱ ቡና የሚያፈሉበት ክፍል ውስጥ ሊረጭ ተዘጋጀ። ከሰሉ ቀልቷል፣ ጀበናው እየተንተከተከ እንፋሎቱን ይለቃል። እኔ ስገባ ጣቱ ጣሳው ላይ ነበር። እናቱ ረከቦቱን ትተው «ልጄን ምን አደረግኸው!» ብለው የጮኹት እኔ ላይ ነው፣ እጁን ስመነጭቀው። ቫርኒሽ እሳት አጠገብ አይረጭም። ሲጋራ አጠገብም፣ ሻማ አጠገብም፣ ዕጣን አጠገብም። ደግሞ የጀበናው እንፋሎት ያንኑ ጤዛ ነው የሚያመጣው።

የእርጥበት መለኪያ ያለው ከ70 በመቶ በላይ ካሳየው ይተወው። የሌለው ወጥ ቤት ይግባና ጨው ይንካ። ጨው እርጥበቱ ወደ 75 በመቶ ሲደርስ ውሃ መሳብ ይጀምራል። ጨዋችሁ ከረጠበ አትርጩ። ይህን ካወቅሁ ወዲህ መለኪያ አልገዛሁም።

ኮምቦልቻ ወርዶ መርጨትም አለ። ዝቅ ያለች ናት፣ ትሞቃለች። አንዴ ሞክሬዋለሁ። ቫርኒሹ መስታወት የመሰለ ሆነ። ስመለስ ግን በሐረጎ ጠመዝማዛ ሚኒባሱ ሲወዛወዝ ጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ዘንቢል የሞዴሉን አንቴና ሰበረው።

ቀለሙ ተነሳ፣ ፕላስቲኩ ቀለጠ

መስመር መስመሩ ላይ ጥቁር ዎሽ (በቲነር የቀጠነ ቀለም) ቀብታችሁ፣ ትርፉን ስትጠርጉ ሥሩ ያለው ቀለም አብሮ ከመጣ፣ የጋራዥ ቲነር ተጠቅማችኋል። ያ ቲነር ፕላስቲክ ይበላል። የክንፍ ጫፍ እንደ ማስቲካ ሲለሰልስ አይቻለሁ። የቀለጠ አይመለስም። በዘይት ቀለም ለሚሠራ ዎሽ ሽታ የሌለው የሠዓሊ ቲነር ነው፣ እሱም ቀለሙ በሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ተሸፍኖ በደንብ ከደረቀ በኋላ።

አውሮፕላኑ ዛገ

ይሄ የእጅ ሳይሆን የጭንቅላት ችግር ነው። ክንፉ ላይ ቡናማ ዝገት የሚቀቡ አሉ። የአውሮፕላን ቆዳ በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ አይዝግም። ቀለም ሲላጥ ብር ይታያል፣ ወይም ቢጫ አረንጓዴው የሥር ቀለም። በነሐሴ 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያረፈውን ፖቴዝ 25 የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ክንፉ ሸራ ነው። ሸራ ላይ ምን ብር አለ?

መጠኑንም አስቡት። በ1/72 ላይ የ1 ሚሊ ሜትር ጭረት በእውነተኛው አውሮፕላን ከ7 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። በስፖንጅ ቁራጭ፣ ቀለሙን ወረቀት ላይ አራግፋችሁ፣ ሰው በሚረግጥበትና ክዳን በሚከፈትበት ቦታ ብቻ ነካ ነካ አድርጉ። ከበዛ ቶሎ በእርጥብ ጥጥ አንሱት። ከደረቀ ግን ያንን ቦታ እንደገና ከመቀባት ውጪ መላ የለውም።