የተዳፋት መሬት የናዳ ስጋት ሲገመገም የሚፈጸሙ ስህተቶች

በዶፍ ዝናብ ወቅት አንድ ተዳፋት ያሰጋ እንደሆነ ለማየት የሚወጣ ሰው፣ ባለሙያም ይሁን የቀበሌ አመራር፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው ሰማዩን ሲያይ መሬቱን በመርሳቱ ነው።

ቀዳሚው ስህተት የዕለቱን ዝናብ ብቻ መለካት ነው። በሰኔ መጀመሪያ ተዳፋቱን ያልነቀነቀው ዝናብ በነሐሴ ሊንደው ይችላል፤ ሳምንታት ሲሰርግ የሰነበተው ውሃ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ግፊት እየፈጠረ እርስ በርስ ተያይዘው የቆሙበትን ኃይል ያላላዋልና። ስለዚህ የቀደሙት ቀናት ድምር አብሮ መመዝገብ አለበት። ዝናቡ ስላባራ ብቻ ነዋሪዎችን ወደ ቤታቸው መመለስም ከዚሁ ስህተት የሚመነጭ ነው፤ ውሃው ወደ ጥልቁ እስኪደርስ ጊዜ ስለሚወስድ፣ መሬቱ ፀሐይ ከወጣ በኋላም ሊንሸራተት ይችላል።

ቀጥ ያለውን ገደል ብቻ መፍራትም ያሳስታል። ጠንካራ አለት ጸንቶ ሲቆም፣ ከላይ ተንዶ የተከማቸ አፈር የለበሰው ዘንበል ያለ መሬት ቀስ እያለ ሊንቀሳቀስ ይችላል፤ በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል የዓባይን ሸለቆ የሚያቋርጠው መንገድ በተደጋጋሚ የሚጎዳው በእንዲህ ዓይነት እንቅስቃሴ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ስንጥቅን እንደ ተራ ነገር አይቶ በአፈር ደፍኖ ማለፍ ነው። በተዳፋቱ አናት ላይ አግድም የተዘረጋ ስንጥቅ ከታየ፣ ከላይና ከታች ሁለት ችካል ተክሎ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ጠዋትና ማታ በሜትር መለካት ማንም የሚችለው ሥራ ነው፤ ርቀቱ በጣት ስፋት እንኳ ከጨመረ ከዚያ ወዲያ መጠበቅ አይገባም፣ ከሥሩ ያሉ ቤቶች መልቀቅ አለባቸው። ያዘመመ ዛፍ፣ ድንገት የፈለቀ ወይም የደፈረሰ ምንጭ፣ እስከ ትናንት በደህና ሲዘጋ ቆይቶ ዛሬ እምቢ ያለ በር ሁሉ ከዚሁ ጋር መመዝገብ ይኖርባቸዋል።

የመንገድን ጎርፍ ወደ ተዳፋቱ የሚለቅ ቦይም፣ ለቤት መሥሪያ ተብሎ የተቆረጠ ግርጌም ከግምገማው መውጣት የለባቸውም።

የመጨረሻው ስህተት አንዴ የተናደ መሬት ዳግም አይናድም ማለት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ተሰብስበው ሳለ ሁለተኛው የደረሰባቸው ነበሩ። ናዳው ከሄደ በኋላ ከላይ የሚቀረው አፈር ከሥሩ የሚደግፈው ስለማይኖር፣ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት አናቱን ከጎን ሆኖ የሚከታተል ሰው ፊሽካ ይዞ መቆም፣ ቆፋሪዎቹም ፊሽካው ሲነፋ ወደ የትኛው ጎን እንደሚሮጡ አስቀድመው መስማማት አለባቸው።