ታጥቦ የሚመለሰው ጥቁር መስመር፦ ለነጭ ኮስተር፣ ለሃያስና ለካምፐር ባለቤቶች

ክረምት ሲገባ አዳማ ላይ ነጭ መኪና የያዘ ሰው ሁሉ ስሞታው አንድ ነው፦ «ትናንት አሳጥቤው፣ ማታ ዝናብ መታው፣ ጠዋት ስነሳ ከየመስኮቱ ሥር ጥቁር መስመር ወርዷል።» ኮስተር ይሁን ሃያስ፣ አልጋና ማብሰያ ተገጥሞለት ወደ አዋሽ ፓርክ የሚወርድ ካምፐርም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። ባለቤቱ ወደ ላቫጆ ይመልሰዋል፣ ጎኑ በኦሞ ይፈገፈጋል፣ መስመሩ ይደበዝዛል፤ በሚቀጥለው ዝናብ እዚያው ቦታ ላይ ይወርዳል። ጎኑ ላይ የምታዩት ከላይ የወረደውን ነው። ላዩን ደግሞ ማንም አልነካውም።

መኪና እንዴት እንደሚታጠብ ታውቃላችሁ፣ ስለዚህ በቀጥታ ወደ ምልክቱ እንሂድ።

መስመሩ ጥቁር ካልሆነ

ከፖርቶ መጋላው ብሎን ሥር የሚወርድ ቡናማ መስመር ዝገት ነው። የሎሚ ጭማቂ ለጥቂት ደቂቃ አቆይታችሁ ብታጥቡት ይለቃል፤ ብሎኑ ካልተቀየረ ግን ይመለሳል። ነጭ ክብ ነጠብጣብ ውሃው ፀሐይ ላይ ደርቆ የተወው ማዕድን ነው፤ አቼቶና ውሃ እኩል ለእኩል ቀላቅላችሁ፣ ቦዲው ቀዝቅዞ ሳለ አሻሹትና በብዙ ውሃ አለቅልቁት። ከጎማው ኋላ የተፈናጠረ ጥቁር ነጥብ ሬንጅ ነው፤ ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ አንስታችሁ ወዲያው በሳሙና እጠቡ። በወንጂ በኩል አገዳ ሲቃጠል በንፋስ የሚመጣውን ጥላሸት በእጅ አትንኩት፤ በውሃ ብቻ አውርዱት።

አቼቶና በረኪና አንድ ባልዲ ውስጥ አይገናኙ። የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

መስመሩ ጥቁር ከሆነ

ጠጋ ብላችሁ እዩት። ከመስኮቱ ማዕዘን ወይም የጣሪያው አሸንዳ ከሚያልቅበት ጫፍ ይነሳል፤ ላዩ ጣት ያክላል፣ ወደ ታች እየቀጠነ ይሄዳል። በእርጥብ ጣት ስታሹት ዳር ዳሩ ይለቃል፣ መሃሉ ግን ንቅንቅ አይልም። ነጭ ቀለም በፀሐይ ሲያረጅ ላዩ ዱቄት ይሆናል፣ በዓይን የማይታይ ቀዳዳም ያበጃል። ጥላሸቱና ቅባቱ ተቀላቅለው የሚቀመጡት እዚያ ውስጥ ነው። ለማረጋገጥ ጥቁር ጨርቅ በደንብ በታጠበና በደረቀ ቦዲ ላይ አሻሹ፤ ጨርቁ ነጭ ካበጀ ቀለሙ ደቅቋል ማለት ነው። ብዙዎቹ ነጭ ቶዮታዎች ከቀለሙ በላይ የሚረጨው ግልጽ መከላከያ ቀለም (ክሊር) ስለሌላቸው ይህ ቶሎ ይደርስባቸዋል።

ጥቁሩ ከየት ይመጣል? አንዱ ጣሪያው ነው። በጋውን ሙሉ የአዳማ ንፋስ የሚያመጣው አቧራና የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪኖች የሚተፉት የናፍጣ ጥላሸት ጣሪያ ላይ ይከማቻል። ኮስተር ረጅም ስለሆነ ማንም አያየውም፣ ስለዚህ ማንም አያጥበውም። የመጀመሪያው ዝናብ ያን ሁሉ ወደ አሸንዳው ይሰበስበውና በአንድ ጫፍ ጎኑ ላይ ይለቀዋል።

ሌላው የመስኮቱ ጎሚኒ፣ ማለትም በመስታወቱ ዙሪያ ያለው የጎማ ማሸጊያ ነው። ጣታችሁን ጎሚኒው ላይ ጎትቱት፤ ጣታችሁ ከጠቆረ ዝናቡም ያንኑ ጥቁር እየወሰደ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚያስመርረኝ ሲሊኮን ነው። መስኮት ሲያፈስ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ገዝቶ ዙሪያውን መቀባት ልማድ ሆኗል። ከሲሊኮን ቀስ በቀስ ዘይት ይወጣል። ዘይቱ ከዝናቡ ጋር ወደ ታች ይሰርጋል፣ አቧራ ይይዝበታል፣ መስመሩም በየዝናቡ እየወፈረ ይሄዳል። ሲደርቅ የአቼቶ ሽታ የሚሸተው ዓይነት ደግሞ አሲድ ስለሚለቅ የተጫረ ቆርቆሮ ካገኘ ያዝገዋል። አንድ ኮስተር አውቃለሁ፣ ስድስቱም የጎን መስኮቶቹ በዚህ ሲሊኮን ተከበው ነበር። ባለቤቱ መስመሩ ሲያስቸግረው ጎኑን በሙሉ አስቀባው። ቀቢው ሲሊኮኑን ሳያነሳ በላዩ ረጨ፤ ቀለሙ ከመስኮቶቹ ዙሪያ እየሸሸ ትንንሽ ክብ ጉድጓድ ሠራ፣ ክረምቱ ሲገባም መስመሮቹ አዲሱ ቀለም ላይ ወረዱ። ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰው አንድ ቱቦ ሲሊኮን ሳይነሳ ነው። እንዲህ ዓይነት መኪና ሲመጣ ሲሊኮኑ በስለታም ፕላስቲክ ተፍቆ፣ ቅሪቱ በሲሊኮን ማስለቀቂያና በአልኮል ተጠርጎ፣ ፖሊዩሬቴን ወይም ኤም ኤስ ፖሊመር የሚል የመኪና ማሸጊያ እስኪገባ ድረስ ጎኑን ማጽዳት ድካም ብቻ ነው።

ማስተካከያው፣ ከላይ ወደ ታች

ከጣሪያው ጀምሩ። ደህና መሰላል፣ እጀታው ረጅም ለስላሳ ብሩሽ፣ ብዙ ውሃ። አሸንዳውን ከዳር እስከ ዳር አፍስሱበት፤ የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ አታቁሙ። የካምፐሩ ጣሪያ የጎማ ሽፋን ከሆነ ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ ነጭ ጋዝ አታስጠጉት፤ ጎማውን ያሳብጡታል። በሳሙና ብቻ ይታጠባል።

ቀጥሎ ጎሚኒው። ላርጎ በውሃ አቅጥናችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አሹት፤ አረፋው ጥቁር መሆኑን እስኪተው ድረስ። ሲደርቅ መሠረቱ ዘይት ሳይሆን ውሃ የሆነ የጎሚኒ መንከባከቢያ ቀቡ። ለጎማ ማብሪያ የሚሸጠውን ዘይታማ ነገር አትቀቡ፣ የተቃጠለ ዘይት በፍጹም አትቀቡ። ሁለቱም ለአንድ ቀን ያብረቀርቃሉ፣ ከዚያ አቧራ ይሰበስባሉ፣ ከዚያ ይወርዳሉ። የተሰነጠቀ ጎሚኒ መንከባከቢያ አያድነውም፤ ይቀየር።

አሁን ጎኑ። መኪናው ጥላ ሥር ይቁም፤ እጃችሁን ቦዲው ላይ አሳርፋችሁ ማቆየት ካልቻላችሁ ገና ትኩስ ነው፣ ጠብቁ። መጀመሪያ በውሃ አርጥቡት። ሁለገብ የመኪና ማጽጃ አንድ እጅ በአሥር እጅ ውሃ በጥብጡና ከታች ወደ ላይ እየሄዳችሁ ቀቡ። ብዙ ሰው ከላይ ይጀምራል፤ መድኃኒቱ በደረቀው ቦታ ላይ ሲወርድ የራሱን መስመር ይሠራል፣ ያ ደግሞ ከመጀመሪያው ይብሳል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቆይ፣ እንዳይደርቅ፣ በለስላሳ ስፖንጅ ታሽቶ ከላይ ወደ ታች ይለቅለቅ።

የቀረውን መስመር አልኮልና ውሃ እኩል በነካ ጨርቅ ሞክሩ። ያም ካልበቃ ደቃቅ ኮምፓውንድ (የቀለሙን ላይ በስሱ የሚፍቅ ማለስለሻ) በእጅ፣ መስመሩን ተከትላችሁ፣ ትንሽ ትንሽ። ጨርቁ ላይ ነጭ ሲወጣ የምታነሱት ቀለማችሁን ነው፤ መስመሩ ሲጠፋ ወዲያው አቁሙ። ፋይበርግላስ ካምፐር ላይም እንዲሁ ደቃቁን ብቻ ተጠቀሙ፣ የፋይበርግላሱ የላይ ሽፋን (ጀልኮቱ) ከሳሳ በቀላሉ አይመለስም።

በደረቅ ጨርቅ መጥረግ የአዳማ አቧራ ላይ ወንጀል ነው ብዬ እናገራለሁ። እዚህ አካባቢ ብሎኬት የሚሠራበት ፑሚስ ከእሳተ ገሞራ የወጣ የብርጭቆ አረፋ ነው፤ አቧራችን ውስጥ ደቆ አለ። በደረቁ የተጠረገ መኪና ፀሐይ ሲያርፍበት የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ይታይበታል፣ ጭረቱ ደግሞ ለሚቀጥለው ጥላሸት ማደሪያ ይሆናል። የብረት ድስት መፋቂያ የሚይዙም አሉ። አንድ ሾፌር ስብሰባ የሚያደርሳቸው እንግዶች ስላሉ ቸኩሎ ሃያሱን በዚያ ፈገፈገው፤ መስመሩ በእርግጥ ጠፋ። ከመፋቂያው የተሰበረው ብረት ቀለሙ ውስጥ ተሰክቶ ስለቀረ ግን ሁለት ዝናብ ሳያልፍ ጎኑ በሙሉ ቢጫ ነጥብ አበቀለ።

ከጸዳ በኋላ ሰም ወይም የፖሊመር መከላከያ ካልተቀባ ቀዳዳው ክፍት ነው። ጣሪያውንም ቀቡ፤ ከጎኑ ይልቅ ፀሐይ የሚበላው እሱን ነው። ውሃ ስታፈሱበት ፍንጥር ፍንጥር ማለቱን ትቶ ሲነጠፍ ዳግም የሚቀባበት ጊዜ ደርሷል። በኦሞ የምታሳጥቡ ከሆነ ቶሎ ይደርሳል፣ ኦሞ ሰሙን ያነሳዋልና የመኪና ሻምፑ ግዙ።

አሸንዳው ጫፍ ላይ ውሃውን ከቦዲው አርቆ የሚጥል ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ ለጥፉ። ከካላማዳሪ ቆርጠው የሚለጥፉ አሉ፤ ያ ጥቁር ጎማ በፀሐይ ሲያረጅ እሱም ያጠቁራል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ከዝናብ በኋላ አንድ ቦታ ላይ ብቻ መስመር ከወጣ፣ በቀጥታ ከበላዩ ያለውን ማሸጊያ በጣት ፈትሹ፤ የቀረ ሲሊኮን ወይም ያረጀ ጎሚኒ ታገኛላችሁ። እሱን አንሱ እንጂ ጎኑን እንደገና ኮምፓውንድ አትምቱት።