ዝቅ ያለ መኪና ላይ ሰፊ ቸርኬ ስታስገቡ እነዚህን አትሳሳቱ

አዲስ አበባ ውስጥ ቪትዙን ዝቅ አድርጎ ሰፊ ቸርኬ የሚያስገባ ወጣት በዝቷል። አምሮ ሳየው ደስ ይለኛል። ጎማው ተበልቶ ሲመጣ ግን እናደዳለሁ።

ስፋት ብቻ አይታችሁ አትግዙ። "ሰባት ተኩል ኢንች ነው" ይባላል፤ ኦፍሴቱን፣ ማለትም ከመኪናው ጋር የሚታሰርበት ፊት ከቸርኬው ወርድ መሃል ስንት ሚሊሜትር እንደሚርቅ፣ የሚጠይቅ የለም። ከቸርኬው ጀርባ "ኢቲ" (ET) ከሚለው ቀጥሎ ተጽፎላችኋል። 6 ኢንች ኢቲ 45 የነበረውን በ7.5 ኢንች ኢቲ 35 ብትቀይሩ፣ ስፋቱ በየጎኑ 19 ሚሊሜትር ይጨምራል። ኦፍሴቱ ደግሞ 10 ሚሊሜትር ወደ ውጭ ያወጣዋል። ወደ ፓራፋንጎው 29፣ ወደ ሾክ አብዞርበሩ 9 ሚሊሜትር ተጠጋ ማለት ነው። ይህን ሳትለኩ ብር አትክፈሉ።

ትዕግስቴን የሚጨርሰው ግን ባዶ መኪና ላይ ሞክሮ "ገባ!" ማለት ነው። ኧረ ልጆች! ቆሞማ ሁሉም ይገባል። የሚነካው አራት ሰው ተጭኖ፣ መሪው ተጠምዝዞ፣ ጉብታ ሲዘል ነው። አንዱ ከነጓደኞቹ ቢሾፍቱ ደርሶ መጣ። የፓራፋንጎው ጠርዝ የኋላ ጎማውን ጎን ዙሪያውን ልጦት ክሩ ይታያል። ፈጣን መንገዱ ላይ ቢፈነዳስ? መኪናው ስታንድ ላይ ቆሞ ሞላውን አውጡ። ጎማውን በክሪክ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ግፉት። መሪውንም ግራ ቀኝ እስከ ጥግ አዙሩ። ከነካ ያን ጊዜ ታውቁታላችሁ።

ሞላ መቁረጥ ወይም በእሳት ማሞቅ? በፍጹም። ለመኪናው የተሠራ አጭር ሞላ ግዙ።

ጎማው ላይ የመጀመሪያው ቁጥር ስፋቱ በሚሊሜትር፣ ሁለተኛው የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ በመቶኛ፣ ሦስተኛው የቸርኬው ኢንች ነው። 195/50/15 ጎማ 7.5 ኢንች ቸርኬ ላይ አትወጥሩ፤ ልኩ እስከ 7 ኢንች ነው። 205/50/15 አለላችሁ። ቁመቱ ከ175/65/14 የሚለየው በ3 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው።

የቪትዝ ሞዞ፣ ማለትም የቸርኬው መሃል ቀዳዳ የሚገባበት ክብ ብረት፣ ስፋቱ 54.1 ሚሊሜትር ነው፤ የገበያው ቸርኬ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይሰፋል። መሃል የሚይዘውን ቀለበት አስገቡ። አለዚያ መሪው እየተንቀጠቀጠ ባላንስ ስታሠሩ ትከርማላችሁ።

ጎማውን እንዳይነካ የፓራፋንጎውን የውስጥ ጠርዝ ስታሳጥፉ ቀለሙ በደንብ ይሙቅ፤ ቀዝቃዛው ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ዝገት ነው።

ዳዶም አለ። የቶዮታ የፋብሪካ አሉሚኒየም ቸርኬ ዳዶ ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋ ዋሸር ያለው ነው። የገበያው ቸርኬ በአብዛኛው ሾጣጣ ይፈልጋል። ካልገጠመ እየላላ ይሄዳል። በቶርክ ቁልፍ 103 ኒውተን ሜትር አጥብቁ፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ድገሙት። ቁልፉ ላይ ቆሞ የሚረግጥ ጎሚስታ ካያችሁ አስቁሙት፤ ቡሎኑን ይበጥሰዋል።