አልሀምብራን ብቻዎን ለመጎብኘት፦ መጀመሪያ ሰዓቱን ይያዙ

ጉዞ የሚያቅድ ሰው ብዙውን ጊዜ የአውሮፕላን ቲኬት ይቆርጣል፣ ሆቴል ይይዛል፣ የሚጎበኘውን ደግሞ "እዚያው ስደርስ አያለሁ" ይላል። ወደ ደቡብ ስፔን፣ ያውም ወደ ግራናዳ ከሆነ ግን ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት። የአልሀምብራ መግቢያ ቲኬት ይቀድማል። በረራውም ሆቴሉም ከዚያ በኋላ ነው።

አልሀምብራ የናስሪድ ሱልጣኖች ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ ግራናዳ እ.ኤ.አ. በ1492 በንግሥት ኢዛቤላና በንጉሥ ፈርዲናንድ እጅ እስክትገባ ድረስ የነገሡበት ግቢ ነው። ግቢው ሰፊ ነው። ሰው ከዓለም ዳር የሚመጣው ግን በተለይ ናስሪድ ቤተ መንግሥት የሚባለውን ክፍል ለማየት ነው። እዚያ በአንዴ የሚገባው ሰው ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ፣ ቲኬትዎ ላይ የሚገቡበት ሰዓት ይጻፋል። 10፡00 ካለ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፤ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ካልደረሱ አለቀ። አንዴ ከገቡ በኋላ ግን ማንም "ውጡ" አይልዎትም።

1. ቲኬቱን መቁረጥ

የሚገዙት ከአልሀምብራ አስተዳደር የራሱ ድረ ገጽ ነው። ፍለጋ ላይ ከላይ የሚመጡት አብዛኞቹ ሻጮች ዋጋ ጨምረው የሚሸጡ ናቸው። የሚፈልጉት "ሄኔራል" የሚባለውን ነው፤ ዋጋው 20 ዩሮ አካባቢ ነው። የአትክልት ቦታዎቹ ቲኬት ረከስ ይላል፣ ግን ናስሪድ ቤተ መንግሥት ውስጥ አያስገባም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው።

ስምዎንና የፓስፖርት ቁጥርዎን ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይሙሉ። በር ላይ ከዋናው ፓስፖርት ጋር ያመሳክሩታል፤ ፎቶ ኮፒ ይዞ መከራከር አያዋጣም።

በሚያዝያ፣ በግንቦትና በጥቅምት ቲኬት ከሳምንታት በፊት ያልቃል። ብቻውን የሚሄድ ሰው የሚጠቀመው ያኔ ነው። አራት ቲኬት አብሮ ማግኘት ከባድ ነው፤ ሰው ሲሰርዝ የምትመለሰው አንዷ ግን ላንድ ሰው ትበቃለች። ድረ ገጹን ጠዋት ማታ እየከፈቱ ይዩ። ካልሆነም የአልሀምብራ መግቢያ ያለበት "ግራናዳ ካርድ" አለ፤ እሱንም ቀደም ብለው ሰዓት ያስይዙበታል።

2. ቪዛና መንገድ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከያዙ የሸንገን ቪዛ ያስፈልግዎታል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ለኢትዮጵያውያን ሕጉን አጥብቆ፣ የውሳኔ መጠበቂያውን ከ15 ወደ 45 ቀን አራዝሞ ነበር። ስለዚህ ሁለት ወር ሲቀረው የሚጀመር ነገር አይደለም። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ነው፣ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና ኢንሹራንስም ይጠየቃል። ዱባይ ወይም ሪያድ በመኖሪያ ፈቃድ ያለ ሰው እዚያው ያመለክታል። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አይጠየቅም። ቪዛው ካልተሳካ ከመግቢያው ላይ የሚከስሩት 20 ዩሮ ነው፤ የአውሮፕላኑን ቲኬት ቢያስቀድሙ ግን ኪሳራውን እርስዎ ያስቡት።

ከማድሪድ ግራናዳ በፈጣን ባቡር ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ማላጋ ካረፉ አውቶቡስ ይሻላል፤ ሁለት ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ማረፊያ ሲይዙ አልባይሲን የሚባለው አሮጌ ሰፈር በፎቶ ያማልላል። መንገዱ ግን ጠጠርና ደረጃ ነው፣ ባለ ጎማ ሻንጣ እዚያ ጠላት ይሆናል። ከተማው መሃል ፕላሳ ኑዌባ አካባቢ ይያዙ፣ አልባይሲንን በእግር ይውጡት።

3. የጉብኝቱ ቀን

ከፕላሳ ኑዌባ የጎሜሬስን ዳገት ይያዙ። በዛፍ ጥላ ውስጥ ሽቅብ ሃያ ደቂቃ ያህል ነው፤ እግር ካልፈቀደ ትንንሾቹ የከተማ አውቶቡሶች አሉ። ቲኬት የያዘ ሰው እስከ ዋናው መግቢያ መሄድ አያስፈልገውም፣ በፍትሕ በር ይገባል። በሩን ሱልጣን ዩሱፍ ቀዳማዊ በ1348 አሠሩት። ቀና ካሉ በውጪው ቅስት ላይ እጅ፣ በውስጠኛው ላይ ቁልፍ ተቀርጿል። ከዚህ ቤተ መንግሥቱ ቅርብ ነው። ከዋናው መግቢያ ግን ሩብ ሰዓት በላይ ያስኬዳል፣ በዚያ የመጣ ሰው ሰዓቱ ሊያመልጠው ይችላል። ትልቅ ቦርሳ አይያዙ፣ አያስገቡትም።

ውስጥ ሲገቡ አይቸኩሉ። ቡድኖች ከአስጎብኚያቸው ኋላ እየተንጋጉ ያልፋሉ፤ እርስዎ ዳር ይያዙና ያሳልፏቸው። አንዱ ቡድን ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ያለችው ክፍተት ዋጋ አላት። በኮማሬስ ግቢ ግንቡ ኩሬው ላይ ተገልብጦ ይታያል፣ ሰው ሲቀንስ ደግሞ የውሃው ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ያለው የአምባሳደሮች አዳራሽ ጣሪያ ከሺዎች እንጨት የተገጣጠመ የከዋክብት ሰማይ ነው፤ አንገት እስኪደክም ይዩት። ግድግዳው ላይ ደጋግሞ የሚመጣው የዐረብኛ ጽሑፍ የናስሪዶች መፈክር ነው፦ "ከአላህ በቀር አሸናፊ የለም"።

ቀጥሎ የአንበሶቹ ግቢ ነው። አሥራ ሁለት የእብነ በረድ አንበሶች ፏፏቴውን ተሸክመዋል፣ ዙሪያውን 124 ቀጫጭን ዓምዶች አሉ። ከሁሉም የሚበልጠው ለእኔ ግን ጎኑ ያለው የሁለቱ እህቶች አዳራሽ ነው። ጣሪያው በጂፕሰም የተሠራ የማር እንጀራ ይመስላል። እዚህ ስልኩን ኪስ ይክተቱት፤ ፎቶው እንደሆነ አይወጣም።

ከዚህ ከወጡ መመለስ የለም። የካርሎስ አምስተኛን ቤተ መንግሥት ለኋላ ያቆዩት፣ ያለ ቲኬትም ይገባል። ውጪው አራት ማዕዘን፣ ውስጡ ክብ የሆነ ሌላ ዘመን ሕንፃ ነው። ጉልበትዎን ሄኔራሊፌ ለሚባለው የነገሥታቱ የበጋ ማረፊያ ያስቀምጡ። የውሃ ደረጃ የሚሉት እዚያ ነው፤ በደረጃው መደገፊያ ላይ በተቦረቦረ ቦይ ውሃ ይወርዳል። ውሃው የሚመጣው ከዳሮ ወንዝ፣ ናስሪዶች ካስቆፈሩት ቦይ ነው።

4. ምግብና ኪስ

ግራናዳ ውስጥ መጠጥ ሲያዝዙ አብሮ ትንሽ ምግብ ይመጣል፣ ነፃ ነው። ብቻውን የሚበላን ሰውም ማንም ዞር ብሎ አያየውም፣ ባንኮኒው ላይ መቆም ነው። የአሳማ ሥጋ ለማይበላ ወይም ለሚጾም አንድ ማስጠንቀቂያ፦ "ሲን ካርኔ" ወይም "ያለ ሥጋ" ብለው ቢያዝዙም ሃሞን፣ ማለትም የደረቀ የአሳማ ሥጋ፣ ጣል ሊያደርጉበት ይችላሉ። "ሲን ሃሞን" ብለው ይጨምሩ። ለጿሚ ጋስፓቾ (ቀዝቃዛ የቲማቲም ሾርባ)፣ ሽምብራ በስፒናች፣ የተጠበሰ ደበርጃን በአገዳ ማር አለ። ምሳ 8 ሰዓት፣ እራት ከምሽቱ 3 ሰዓት እንደሆነ ሆድዎን ቀድመው ያስታርቁ።

ካቴድራሉ አካባቢ የሥጋ መጥበሻ ቅጠል፣ ሮዝመሪ፣ የሚሰጡ ሴቶች ያጋጥሙዎታል። አይቀበሉ። ከተቀበሉ መዳፍዎን አንብበው ገንዘብ ይጠይቃሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ አልሀምብራን ከፊት ለፊት ለማየት ሳን ኒኮላስ አደባባይ ሲወጡም ቦርሳው ከፊት ይሁን።

ቀን ከተረፈዎት በማግስቱ ኮርዶባ ወደምትባለው ከተማ ይሂዱ። ድሮ ታላቅ መስጊድ የነበረው ካቴድራል ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል ያለ ክፍያ ይከፈታል። በዚያ ሰዓት በቡድን መግባት አይፈቀድም፣ ለብቻው የመጣ ግን ይገባል።