የሙኒኳ ሌሊት፦ ታጋች አስለቃቂ ቡድን ሲደራጅ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

እ.ኤ.አ. የ1972ቱ የሙኒክ ኦሊምፒክ ለእኛ ማሞ ወልዴ በማራቶን ነሐስ ያገኘበት ነው። ከዚያ ሩጫ አምስት ቀን አስቀድሞ ግን ስምንት ታጣቂዎች የእስራኤል ስፖርተኞች ማደሪያ ገብተው ሁለት ሰው ገደሉ፤ ዘጠኝ አገቱ። ሌሊቱን ከአጋቾቻቸው ጋር በሄሊኮፕተር በተወሰዱበት በፉርስተንፌልድብሩክ አየር ማረፊያ ዘጠኙም ታጋቾች አለቁ፤ አንድ ጀርመናዊ ፖሊስም ሞተ።

የመጀመሪያው ስህተት ቡድኑን አደጋው ከደረሰ በኋላ ማሰባሰብ ነው። በዚያ ሌሊት የተሰለፉት አምስት ተኳሾች ለአልሞ ተኳሽነት ልዩ ሥልጠና ያልወሰዱ ፖሊሶች ነበሩ። ምዕራብ ጀርመን ጂኤስጂ 9 የተባለውን ቡድን በኡልሪሽ ቬገነር መሪነት ያቋቋመችው ከዚያ እልቂት በኋላ ነው። ይኸው ቡድን በ1977 ሞቃዲሾ ላይ ከተጠለፈ የሉፍታንዛ አውሮፕላን 86 መንገደኞችን በሕይወት አወጣ።

ሁለተኛውና ከሁሉ የከፋው፣ ጠላትን ሳይቆጥሩና ሳይገናኙ መተኮስ ነው። አምስት ተኳሽ ለስምንት ታጣቂ! የአጋቾቹ ቁጥር ለተኳሾቹ አልተነገራቸውም። በእጃቸው የመገናኛ ሬዲዮ የለም፤ በጠመንጃቸውም ላይ የሌሊት መነጽር የለም። የመጀመሪያው ጥይት ሲጮህ ማን በማን ላይ እንዳነጣጠረ የሚያውቅ አልነበረም። አንደኛው ተኳሽ ደግሞ ከሄሊኮፕተሮቹ ማዶ፣ በጓደኞቹ የተኩስ መስመር ላይ ተጋድሞ ነበር፤ በኋላም በገዛ ወገኖቹ ጥይት ቆሰለ።

ሦስተኛው፣ ፈጻሚዎቹ ያላመኑበትን ዕቅድ መጫን ነው። የበረራ ሠራተኛ መስለው ለአጋቾቹ በቆመው አውሮፕላን ውስጥ እንዲያደፍጡ የታዘዙት ፖሊሶች ሄሊኮፕተሮቹ ከመድረሳቸው በፊት ተማክረው ቦታውን ለቀቁ። እኔ አልፈርድባቸውም፤ የምፈርደው ያለ ልምምድ ወደዚያ በላካቸው አለቃ ላይ ነው።

ካሜራን መርሳትም አለ። ቀን ላይ ፖሊሶች የስፖርት ቱታ ለብሰው ጣሪያ ሲወጡ ቴሌቪዥን በቀጥታ ያሳይ ነበር፤ በአጋቾቹም ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥን ነበር።

የመጨረሻው፣ ለየብቻ የተለማመዱ ክፍሎችን በግዳጁ ዕለት ማገናኘት ነው። አሜሪካ በ1980 ቴህራን ያሉ ታጋቾቿን ለማስለቀቅ ከአራቱም የጦር ክፍሎቿ ሰው አውጣጥታ ላከች፤ ሁሉም ባንድ ላይ ሙሉ ልምምድ አላደረጉም። ከስምንት ሄሊኮፕተሮች ለጉዞ የቀሩት አምስት ብቻ ሲሆኑ፣ ቢያንስ ስድስት ያስፈልጉ ስለነበር ግዳጁ ተሰረዘ። ይህ ውሳኔ ትክክል ነበር። በመመለሻው ግን አንድ ሄሊኮፕተር በበረሃው አቧራ ውስጥ ከነዳጅ ጫኙ አውሮፕላን ጋር ተላተመ፤ ስምንት ወታደሮች ቴህራንን ሳያዩ እዚያው ሞቱ።